ለገበሬ የቴሌብርና የሂሳብ ስልጠና እንዴት ይሰጣል? ደቡብ ወሎ፣ ደሴ ዙሪያና ቃሉ ወረዳ ላይ የሠራንበት አካሄድ

"ቀበሌያችን ላይ ለገበሬዎች የዲጂታል ፋይናንስ ስልጠና ስጡ ተባልን፣ ከየት ነው ሚጀመረው?" ይቺ ጥያቄ በሳምንት ሦስት አራቴ ትመጣልኛለች። አብዛኞቹ ጠያቂዎች የልማት ሠራተኞች ናቸው፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሂሳብ ሠራተኞችም አሉ፣ ተመርቆ ሥራ የሚጠብቅ ልጅም አለ። ለእያንዳንዱ በድምፅ መልስ ስልክ ስለደከመኝ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው፣ ከዚ በኋላ ለጠየቀኝ ሁሉ ይሄን ነው ምልከው።

መጀመሪያ ግባችሁን ቁረጡ። ስልጠናው ሠራ ሚባለው ገበሬው በሳምንቱ ልጁን ሳይጠራ በገዛ ስልኩ ባላንሱን ካየ፣ 10 ብር ከላከ፣ የመጣለት ሜሴጅ የእውነት ይሁን የሌባ ከለየ ነው። አፕ ማውረድ ምናምን ለሌላ ቀን ይቆይ።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች (ለ15 ሰው)

- የየራሳቸው ስልክ ከነሲሙ። ቁልፍ ስልክ ቢሆን ችግር የለውም፣ የቴሌብሩ *127# ያለ ኢንተርኔት ይሠራል
- የቀበሌ መታወቂያ ወይም ፋይዳ
- 2 ፓወር ባንክ፣ ከማይክሮ ገመድ ጋር (ታይፕ ሲ ብቻ ይዛችሁ ብትወጡ ለናንተ ስልክ እንጂ ለነሱ አይሆንም)
- 1 ኪሎ ባቄላና 1 ኪሎ ሽምብራ፣ ጥሬውን
- ትልልቅ ወረቀትና ማርከር
- በራሳችሁ ቴሌብር ላይ 350 ብር ያህል፣ ለእያንዳንዱ 20 20 ብር ለመላክና ለአገልግሎት ክፍያው
- ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ደብተርና እስክሪብቶ
- ቡና ከነቁርሱ። ቀልድ አይደለም፣ ደረጃ 7 ላይ ያስፈልጋል

ፕሮጀክተር አትያዙ። እኔ የመጀመሪያ ስልጠናዬን ደሴ ዙሪያ አንድ ቀበሌ ላይ ስሰጥ 60 ሰው ሰብስቤ 40 ስላይድ ይዤ ነበር የወጣሁት፣ መብራቱ 12ኛው ስላይድ ላይ ሄደ፣ ላፕቶፑም ብዙ አልቆየም፣ በቃ የቀረውን በአፌ ተርኬ "ገባችሁ?" ስል ሁሉም "ገብቶናል፣ ኑርልን" አሉ። በሳምንቱ ስመለስ አንድ ሰው እንኳን ባላንሱን ማየት አልቻለም። አንድ አባት ሳቅ ብለው "ልጄ አንተ ስትነካካው አየን እንጂ እኛ መች ነካነው" አሉኝ። ከዛ ወዲህ ከ15 ሰው በላይ አልቀበልም፣ ለ5 ሰው አንድ አጋዥ ይኖረኛል፣ አጋዡም እዛው ቀበሌ ያለ 10ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ነው።

ደረጃ 1፦ ቀኑን ከገበያውና ከበዓሉ ጋር አስተያዩ

በገበያ ቀን ስልጠና የለም። ደሴ ዙሪያ ሰኞ ብላችሁ ብትጠሩ ሰዉ ሰኞ ገበያ ወርዷል፣ በደጋን በኩል ያለውም ሰኞ ባቲ ገበያ ነው። ክርስቲያኑ በሚበዛበት ቀበሌ በ12 ሚካኤል ወይም በ21 ማርያም በሬ ስለማይጠመድ ከቅዳሴ በኋላ ጥሩ ጊዜ ነው። እስላሙ በሚበዛበት ደግሞ አርብ ከጁምዓ በኋላ ሰው ተሰብስቦ ይገኛል፣ በረመዳን ግን ጠዋት አድርጉት፣ ቡናውንም ተዉት። ቅልቅል ከሆነ (ወሎ ነው፣ ቅልቅል ነው ሚሆነው) የቅሬውን (የእድሩን) ሰብሳቢ ጠይቁት፣ እሱ ከቀበሌው ሊቀመንበር የበለጠ ሰው ያመጣል።

ከወሩ ደግሞ ጥር ይመረጣል፣ ውቂያው አልቆ እጅ ላይ ብር ያለበት ጊዜ ስለሆነ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የሚመጣላችሁ ሥራ የማይሠራ ሰው ብቻ ነው። በልግ የሚዘራ ደጋ ከሆነ የካቲትንም ተዉት።

ቦታውን አንድ ቀን ቀድማችሁ ሄዳችሁ በራሳችሁ ስልክ *127# ደውሉበት። የገበሬ ማሰልጠኛው ጀርባው ገደል ሆኖ ኔትወርክ የማይገባበት፣ 50 ሜትር ወጣ ስትሉ ዋርካው ስር ደግሞ የሚሠራበት ቦታ ብዙ ነው። ዋርካው ስር አሰልጥኑ።

ደረጃ 2፦ ሲሙ በማን ስም እንደሆነ አጣሩ

ይሄን ዘላችሁ አትለፉ፣ ቴሌብሩ ሲሙን ነው የሚከተለው። እኛ አካባቢ ደግሞ ግማሹ ሲም ሳውዲ በሄደች ልጅ ስም፣ ወይ ደሴ በሚማር ወንድም ስም ነው የወጣው። ስልኩ የጠፋ ቀን እናትየው ሲሙን ላውጣ ብትል ባለቤቱ እሷ አይደለችም፣ ብሩ ውስጡ ታስሮ ይቀራል። እየዞራችሁ "ሲሙ በማን ስም ነው?" በሉ፣ በሌላ ሰው ስም የሆነውን ዘርዝሩና ስልጠናው ሳይጀመር መታወቂያቸውን ይዘው ወደ ቴሌ ሱቅ እንዲሄዱ ንገሯቸው። እስከዛው በዛ ሲም ላይ ብዙ ብር እንዳያስቀምጡ።

ባልና ሚስት አንድ ስልክ ከሆነ ያላቸው ሚስትየዋን ለብቻ አስቀምጧትና ስልኩን መጀመሪያ ለሷ ስጧት። አብረው ከተቀመጡ ባልየው ነው የሚነካካው፣ እሷ ታያለች፣ አለቀ።

ደረጃ 3፦ ከስልክ በፊት ባቄላ

ስልኩን ኪሳችሁ ክተቱት በሏቸው። መሬት ላይ ከመስከረም እስከ ነሐሴ 12 ክብ አሥምሩ፣ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር አንድ አድርጓት። አንድ ባቄላ የገባ 1,000 ብር፣ አንድ ሽምብራ የወጣ 1,000 ብር ነው። አንድ ፈቃደኛ ቤተሰብ ምረጡና ከአምናው ያስቡ። እህል የተሸጠበት ወር ላይ ባቄላ፣ ማዳበሪያ የተገዛበት፣ ደብተርና ዩኒፎርም የተገዛበት፣ ሰርግና ተዝካር የነበረበት፣ ለቅሬ የተዋጣበት ወር ላይ ሽምብራ።

ጥርና የካቲት ላይ ባቄላው ተከምሮ፣ ሐምሌና ነሐሴ ሽምብራ ብቻ ሆኖ ሲያዩት ሁሉም ዝም ይላል። ያኔ "ከጥር ወር ባቄላ ስንቱን ወደ ሐምሌ ብንወስደው ነው ከብድር የምንድነው?" ብላችሁ ጠይቁና ራሳቸው በእጃቸው ያንሱት። እናንተ አታንሱላቸው። ቁጠባ ምን እንደሆነ በዚ ነው የሚገባው፣ በትርጉም አይደለም። ስልኩም ለምን እንዳስፈለገ ራሱ ይመጣል፣ "ያቺን ባቄላ እስከ ሐምሌ የት ላቆያት?" ይላሉ፣ ትራስ ስር ከሆነች ትበላለችና።

ደረጃ 4፦ ትርፍን ከሽያጭ ለዩ

ብዙ ሰው የተሸጠበትን ብር ትርፍ ነው ብሎ ያስባል። በግ ይሻላል ለምሳሌ፣ ሁሉም ያውቀዋል፦

- በጉ የተገዛበት 7,000
- ፉርሽካና ድርቆሽ 1,500
- መድኃኒት 200
- መጫኛና የገበያ 150
- ጠቅላላ ወጪ 8,850
- ለበዓል የተሸጠበት 10,000

"ስንት አተረፉ?" ሲባሉ 3,000 ይላሉ። 1,150 ነው። ከዛ በየራሳቸው ከብት፣ ሽንኩርት፣ ጤፍ ያስሉት፣ ዋጋውን የዘንድሮውን ራሳቸው ይንገሯችሁ።

በደብተሩ ላይ ሦስት መስመር ብቻ አሥምሩ፦ ቀን፣ የገባ፣ የወጣ። አራተኛ መስመር ከጨመራችሁ ማንም አይጽፍም። ማንበብ የማይችል ካለ 5ኛ ክፍል የሆነ ልጁ ማታ ማታ ይጻፍለት፣ ልጅም ከሌለ ሁለት ጣሳ ይያዝ፣ አንዱ ባቄላ አንዱ ሽምብራ።

ደረጃ 5፦ ፒን

አሁን ስልክ ይውጣ። ያልተመዘገበ ካለ *127# ብሎ ይመዝገብ። ኮከብና መሰላል የትኞቹ እንደሆኑ በትልቁ ሥላችሁ አሳዩ፣ ብዙ ሰው የሚጠፋበት እዚ ነው።

የቴሌብር ፒን 6 አሃዝ ነው። 123456 አይሆንም፣ የስልኩ መጨረሻ አይሆንም፣ የትውልድ ዓመትም አይሆንም። ማንበብ ለማይችል ሰው በቁልፉ ላይ የእጅ መንገድ አስተምሩት፣ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ ጣቱ ያስታውሳል። ሁሉም ጀርባ ለጀርባ ዞሮ ያስገባ። እናንተም ዙሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ፒናቸውን ራሳችሁ አታውጡላቸው፣ ወረቀት ላይም አትጻፉላቸው። እኔ አንዴ አንዲት እማማ "አንተው አድርግልኝ" ብለው ሲለምኑኝ አዝኜ አወጣሁላቸው፣ ቁጥሩንም በእስክሪብቶ ስልኩ ጀርባ ባትሪው ላይ ጻፍኩት። የእህታቸው ልጅ ባትሪ ሊቀይር ከፍቶት አገኘውና 1,800 ብራቸው ሄደ። ለእሳቸው ሌባው የእህታቸው ልጅ ሳይሆን ስልኩ ነው፣ ከዛ በኋላ ቴሌብር ሚባል ነገር ስሙንም መስማት አልፈለጉም። ጥፋቱ የኔ ነበር።

ደረጃ 6፦ ባላንስ ማየት፣ ከዛ 10 ብር መላላክ

የሜኑው ቅደም ተከተል ሊቀያየር ስለሚችል ጠዋት በራሳችሁ ስልክ ሞክራችሁ ቁጥሮቹን ወረቀቱ ላይ በትልቁ ጻፉ። የአማርኛ ፊደል የማያሳይ ስልክ ላይ ሳጥን ሳጥን ነው የሚመጣው፣ ለዛ ስልክ ቋንቋውን እንግሊዝኛ አድርጉት፣ ቁጥሩን ያያሉ፣ ቁጥር ደግሞ ከብር ኖቱ ያውቁታል።

በመጀመሪያ ባላንስ ብቻ፣ ሦስት ጊዜ። ሦስቱንም በራሳቸው ጣት። ሲዘገዩ ሜኑው ራሱ ይጠፋል፣ ሰዉም "ብሬ ጠፋ" ብሎ ይደነግጣል፣ አብሽሩ በሏቸው፣ ጊዜ ስላለቀ ነው የተዘጋው፣ እንደገና *127# ነው።

ከዛ ለእያንዳንዱ 20 ብር ላኩ። ሁለት ሁለት አድርጋችሁ አስቀምጧቸውና አንዱ ለአንዱ 10 ብር ይላክ። ከማረጋገጡ በፊት ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥርና መጠን ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ጎረቤቱም "አዎ የኔ ነው" ይበል። አንድ አሃዝ የተሳሳተ ብር ለማያውቁት ሰው ነው የሚሄደው፣ ለማስመለስ ደግሞ ወዲያው 127 ደውሎ ማመልከት ነው፣ ካወጣው ግን ከባድ ነው።

ፒን ካስገቡ በኋላ ከተቋረጠ ዝም ብለው ድጋሚ አይላኩ! መጀመሪያ ባላንስ ይዩ። ቀንሶ ከሆነ ተልኳል፣ ካልቀነሰ አልሄደም። ሁለቴ የሚልክ ሰው የበዛው በዚ ምክንያት ነው።

የአገልግሎት ክፍያ መኖሩንም አትደብቁ። ሳንቲም ስትቀንስ ካዩ "ይሰርቃል" ነው የሚሉት፣ ቀድማችሁ ከነገራችኋቸው ግን ብር ለማድረስ ከሚያወጡት የታክሲ ሂሳብ ጋር አወዳድረው ራሳቸው ይቀበሉታል።

ደረጃ 7፦ የሌባ ሜሴጅ

ቡናው የሚፈላው አሁን ነው። ለሁሉም እየተቀዳ እያለ አጋዣችሁ ከራሱ ስልክ ለ5 ሰዎች እንዲ የሚል ይላክ፦ "5,000 ብር ገብቶልዎታል። በስህተት ነው የላክነው፣ እባክዎ ይመልሱ።" ከዛ ዝም ብላችሁ ቡናችሁን ጠጡ። አንዱ ስልኩን ያወጣል፣ ፊቱ ይለወጣል፣ ጎረቤቱን ያማክራል። አንድ ጊዜ ሐርቡ አካባቢ አንድ ጋሼ ስኒውን አስቀምጠው ተነስተው "ጎበዝ፣ የሰው ሐቅ እኔ ጋ ገብቷል" ብለው ላብ አጠመቃቸው፣ ሰው እንዲ ነው ሐቀኛ ሆኖ የሚበላው።

ከዛ ስልካቸውን ይዛችሁ ልዩነቱን አሳዩ፦

1. ሜሴጁን የላከው ማነው? የቴሌብር የሚመጣው ከ127 ነው። በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር ቁጥር "ብር ገባልዎ" ካለ የሌባ ነው።
2. ባላንስ እዩ። ካልጨመረ አልገባም።
3. የምር ጨምሮ ከሆነና ደዋዩ መልስልኝ ካለም በእጃችሁ አትመልሱ፣ "127 ደውለህ አመልክት" በሉት።
4. "ከቴሌ ነው፣ ዕጣ ደርሶዎታል፣ አሁን የመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ" የሚል ሁሉ ይዘጋበት። ቴሌም ባንክም ፒን አይጠይቅም።

የሙከራውን ሜሴጅ ከሁሉም ስልክ አጥፉ፣ አለዚያ ማታ ልጅ አንብቦ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ከዚ በፊት ለሌባ ፒን የሰጠ ካለም አይፈር፣ ያኔውኑ ፒኑን ቀይሮ 127 ይደውል።

ደረጃ 8፦ ወኪል ሱቅ ጋ

ይሄን በቃል አታስተምሩ፣ ሦስት ሦስት ሆነው ወኪሉ ጋ ይሂዱ። ብር ሲያስገቡ ሜሴጁ ሳይደርስ ከሱቁ አይወጡም። ሲያወጡ ፒኑን ራሳቸው ይነካሉ፣ ወኪሉ "ስልኩን ይስጡኝ ልሥራልዎ" ቢል "አይ እኔው" ነው መልሱ። ብሩን እዛው ቆጥረው ነው የሚሄዱት። በገበያ ቀን ከሰዓት ወኪሉ ካሽ ያልቅበታል፣ ስለዚ ብዙ ብር ለማውጣት ጠዋት፣ ወይ ቀድሞ ደውሎ።

ደረጃ 9፦ ዋጋ መጠየቅና ካልኩሌተር

ስልኩ ላይ ያለውን ካልኩሌተር አሳዩ። 3 ኩንታል ከ40 ኪሎ ሽንኩርት በኪሎ 25 ብር ቢሸጥ 340 ሲባዛ በ25፣ 8,500 ብር ነው። ደላላው "አርባውን ኪሎ ተወው፣ ሦስት ኩንታል እንበለው" ሲል 1,000 ብር ነው ተወው የሚለው፣ ይሄን ስታሰሉላቸው ጩኸቱን ስሙት። ከመጫናቸው በፊት ሁለት ቦታ ይደውሉ፣ አንዱ ኮምቦልቻ፣ አንዱ ደሴ፣ የመጫኛውን ቀንሰው ያወዳድሩ። የእርሻ ምክር ለሚፈልግ 8028ንም አስደውሏቸው፣ በአማርኛ ነው፣ ነፃ ነው።

ደረጃ 10፦ ብድር፣ ግን በሁለተኛው ቀን

በመጀመሪያው ቀን ብድር ካነሳችሁ ስልጠናው የብድር ስብሰባ ይሆናል፣ ሌላው ሁሉ ይረሳል። በሁለተኛው ቀን አራት ጥያቄ ብቻ አስጨብጧቸው፦ ስንት ነው በእጄ የምቀበለው? ስንት ነው የምመልሰው? መቼ መቼ? ባልከፍል ዋሱ ማነው?

ለምሳሌ 10,000 ብር በዓመት 18 ከመቶ ለ8 ወር ቢበደሩና መጨረሻ ላይ ባንዴ ቢመልሱ ወለዱ 1,200 ነው። ያን በባቄላው ላይ አስቀምጡት፣ መክፈያው ሐምሌ ላይ ከወደቀ ከየት ይመጣል? መክፈያ ወሩ ከሽያጭ ወሩ ጋር ካልገጠመ አይበደሩ። ፀደይ ባንክ ድሮ አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) ነበር፣ ገበሬው አሁንም "አብቁተ" ነው የሚለው፣ እናንተ ፀደይ ባንክ ብትሉ ግር ይለዋል፣ ሁለቱንም ስም ጥሩት። ስልክ ላይ ያለችው እንደ ቴሌብር መላ ያለች ብድርም ብድር ናት፣ ክፍያ አላት፣ ስጦታ መስላ የምትታያቸው አሉ።

ወለድ የማይበላ ሰው ብዙ ስለሆነ "ከወለድ ነፃም አለ፣ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፉን ነግሮ በዱቤ ይሸጥላችኋል፣ ሙራባሃ ይሉታል" ብላችሁ ሳትጠየቁ ቀድማችሁ ተናገሩ። ካልተናገራችሁ ግማሹ ሰው ዝም ብሎ ተነስቶ ይሄዳል፣ ለምን እንደሄደም አይነግራችሁም።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

- ስልኩን ከእጃቸው መንጠቅ። ቸኩላችሁ እናንተ ከነካችሁት እነሱ አልተማሩም። እኔ እጄን ኋላዬ አድርጌ ነው የማስተምረው።
- "ገባችሁ?" ብሎ መጠየቅ። መልሱ ሁሌም አዎ ነው። "እስቲ አሳዩኝ" በሉ።
- "እርስዎ፣ እርስዎ" ማለት፣ የቢሮ ሰው ያስመስላችኋል። ትልቅ ሰውን አንቱ በሉ፣ አባባ፣ እማማ፣ ሸሆቹን ሸህ እያላችሁ።
- የቴሌብር፣ የሲቢኢ ብርና የኤምፔሳን ሜኑ በአንድ ቀን መደራረብ። አንዱን ጨርሱ፣ ሌላው ከዛ ይቀላል።
- አበል ስላለ ብቻ የመጣን ሰው እንደ ሰልጣኝ መቁጠር።

ደረጃ 11፦ በሳምንቱ

በ7ኛው ቀን ለእያንዳንዱ ደውሉና "አሁኑኑ 5 ብር ላኩልኝ" በሉ፣ ልጅ እንዳያግዛቸው ጠዋት ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሆኑ። የላኩትን መልሱላቸው። ከ15ቱ 10ሩ ከላኩ ጥሩ ሄዳችኋል። ላልላኩት ዝርዝራቸውን ይዛችሁ ውጡና ደረጃ 5ንና 6ን ብቻ ድገሙ፣ ባቄላውን አይደለም፣ ባቄላውን ማንም አይረሳውም።